ሳይቆጠር አይገደልም

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ከንግግሩ ሥር ይገባል]

 

ባለፈው ሳምንት ዝግጅታችን እንዳለቀ አንድ አባት ስልክ ደውለውልን ነበር። ልጃቸው የሚኖረው አሜሪካ፣ ዩታ በምትባለው ግዛት ነው። «ልጄ አንድ ነገር አጫወተኝ» አሉን። «እዚያ አገር ገበሬ በገዛ ማሳው ላይ ጉድጓድ እየማሰ የሚያስቸግረውን አውሬ ለመግደል መጀመሪያ ከመንግሥት ፈቃድ ማውጣት አለበት አለኝ። እኔ ደግሞ ለፍልፈል ማንን ላስፈቅድ ነው ብዬ ሳቅሁበት። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ እውነት ነው?»

እውነት ነው አባቴ። ልጅዎ የነገርዎት ልክ ነው። ጥያቄዎ ደግሞ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተመልሶ የሚያልቅ ስላልሆነ የዛሬውን ጊዜያችንን በሙሉ ሰጥተነዋል።

[ሙዚቃው ይጠፋል]

መቼም ስለ ፍልፈል የማያውቅ ገበሬ የለም። ልጅ ሆኜ አጎቴ ከድንች ማሳው ፍልፈል ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ጎሕ ሲቀድ ይነሳና አዲስ አፈር የተከመረበትን ቦታ ይፈልጋል። ክምሩን በእጁ ይነካዋል። አፈሩ ገና እርጥብ ከሆነ እንስሳው ሩቅ አልሄደም። ከዚያ ጉድጓዱን በዶማ ይከፍተውና ብርሃንና ነፋስ ያስገባበታል። እኔን በዓይኑ ዝም ያሰኘኛል። ዶማውን እንዳነሳ ይቆማል።

ፍልፈል ቤቱ ተከፍቶ ማደር አይወድም። ቀዳዳውን ለመድፈን አፈር እየገፋ ይመጣል። መጀመሪያ ትንሽ አፈር ትነቃነቃለች። ቀጥሎ ጉብ ትላለች። አጎቴ ያኔ ነው ዶማውን የሚያሳርፈው። አንዳንዱን ቀን እስከ ረፋድ ቆሞ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ያን ቀን ቤት ውስጥ የሚያናግረው ሰው አይገኝም። ድንቹ ተበልቷላ!

አጎቴ ማንንም አላስፈቀደም። ማስፈቀድ የሚባል ነገርም በሐሳቡ አልመጣም። ታዲያ ዩታ ያለውን ገበሬ ከአጎቴ የሚለየው ምንድን ነው? ዶማው? ጠመንጃው? ወይስ ማሳው?

ልዩነቱ ያለው እንስሳው ላይ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

የእንስሳው ስም ፕሬሪ ዶግ ነው። ቃሉ ሲፈታ የሣር ሜዳ ውሻ እንደማለት ይሆናል። ውሻ ግን አይደለም፤ የአይጥ ወገን ነው። ውሻ ያስባለው ድምፁ ነው፤ ንስር ሲያንዣብብ ወይም ሰው ሲጠጋ ልክ እንደ ቡችላ ይጮኻል። ያን ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶቹ በሙሉ ወደየጉድጓዳቸው ይገባሉ።

ፕሬሪ ዶግ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ በዱር የትም አይኖርም። አምስት ዓይነት አለ። እኛ ዛሬ የምናወራው ከአምስቱ ስለ አንዱ፣ ከዩታ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ክፍል ሌላ በዓለም ላይ የትም ስለማይገኘው ነው። ልድገመው፤ በአንድ ግዛት፣ ያውም በአንድ ጥግ ብቻ። ከዚያ ጠፋ ማለት ከምድር ጠፋ ማለት ነው።

ምን ይመስላል? ወደ ቀይ የሚያደላ ቡኒ ነው። ከዓይኑ በላይ ቅንድብ የመሰለ ጠቆር ያለ ምልክት አለው፤ ፊት ለፊት ስታዩት የተቆጣ ያስመስለዋል። ጅራቱ አጭር፣ ጫፉ ነጭ ነው። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። እንደ ፍልፈል ቀኑን ሙሉ አፈር ውስጥ ተቀብሮ አይውልም። ቀን ላይ ወጥቶ ሣር ይበላል፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆሞ ግራ ቀኙን ያያል። ብቻውንም አይኖርም፤ እንደ መንደር ተሰባስቦ ነው የሚኖረው። በክረምታቸው፣ በረዶው ሲወርድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይተኛል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ቁጥራቸው ወደ 95,000 ይደርስ እንደነበር ይገመታል። በ1972 ሲቆጠሩ ግን የተገመተው 3,300 ያህል ብቻ ነበር። ሃምሳ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም! መንግሥትም አርቢውም ተባብረው መርዝ ሲረጩባቸው ኖረዋል። መሬቱ እየታረሰ ሄደ፤ ድርቅ ተመላለሰ፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቸነፈር ገባ። አዎ፣ በጥንት ዘመን ሰውን የፈጀው ያው ቸነፈር። በመርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ የደረሰው በ1900 አካባቢ ነው። ቁንጫ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ያስተላልፈዋል፤ ፕሬሪ ዶግ ደግሞ መከላከያ የለውም። አንድ መንደር በአንድ ወቅት ውስጥ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል።

በ1973 የፌዴራሉ መንግሥት እንስሳውን ሊጠፋ የተቃረበ ብሎ መዘገበው። በ1984 ቁጥሩ ትንሽ ሲያንሰራራ ደረጃውን ዝቅ አድርጎ ስጋት ላይ ያለ አለው። ይቺ የደረጃ ለውጥ የወረቀት ጉዳይ እንዳትመስላችሁ። በአገሩ ሕግ ስጋት ላይ ላለ እንስሳ ለብቻው የተዘጋጀ ደንብ ማውጣት ይቻላል። ለገበሬው በሩ የተከፈተው በዚያ ነው።

[ድምፅ፦ ውኃ በመስኖ ቦይ ውስጥ ሲወርድ]

አሁን ደግሞ በገበሬው ዓይን እንየው። ያ አገር ደረቅ ነው። ገበሬው ውኃ በመስኖ እየሳበ አልፋልፋ ያለማል። አልፋልፋን ታውቁታላችሁ፤ ለከብት መኖ እኛም የምንዘራው ነው። ዙሪያው ጠፍ ሆኖ ማሳው ብቻ ሲለመልም ፕሬሪ ዶጉ ወዴት ይሄዳል? ውኃውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሚበላው ለምለም ቅጠል ነው። እናም ወደ አልፋልፋው ይመጣል። መጥቶ ይበላል፤ ይወልዳል፤ ጠፍ መሬቱ ላይ ካለው ዘመዱ የበለጠ ይበዛል።

ጉዳቱ የተበላው ብቻ አይደለም። በየጉድጓዱ አፍ ላይ አፈር ይከመራል። ገበሬው ማጨጃ መኪናውን ይዞ ሲገባ ምላጩ ከዚያ አፈርና ድንጋይ ጋር ይጋጫል። ቦዩ ከሥሩ ይቦረቦርና ውኃው ማሳው ላይ ሳይደርስ ወደ ጉድጓድ ይሰርጋል። ለውኃው ገንዘብ ተከፍሎበታል፤ ተራ ተጠብቆለታል። ውኃው መሬት ውስጥ ሲገባ ቆሞ የሚያይ ገበሬ ምን እንደሚሰማው ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሌላም ነገር አለ። ከእነዚህ እንስሳት ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት የሚኖሩት ከፌዴራል መንግሥት ይዞታ ውጭ በሆነ መሬት ላይ ነው። የአገር ሀብት የሆነውን እንስሳ ቤት ሰጥቶ፣ መኖ ሰጥቶ የሚያኖረው ባብዛኛው ባለመሬቱ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ነገር ሳስብ ለገበሬው ያዝንለታል ልቤ። ጥቅሙ የሁሉም ሆኖ ሸክሙ የአንድ ሰው ሲሆን ቅሬታው እውነት ነው። ሕጉም ጆሮውን ሊሰጠው ይገባ ነበር፤ ፈቃድ የሚባለው ነገር የመጣው ለዚህ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

ታዲያ ይህ ፈቃድ እንዴት ነው የሚሰጠው? ገበሬው ቢሮ ሄዶ ማመልከቻ ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል? አይደለም። ቀስ ብለን እንሂድበት።

ፈቃዱን የሚሰጠው የዩታ ግዛት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው። የሚሠራው ግን በፌዴራል ደንብ ሥር ሆኖ ነው፤ እኔ የምነግራችሁ በ2012 ተሻሽሎ ስለወጣው ደንብ ነው። ገበሬው መጀመሪያ ጉዳቱን ያሳያል። እንስሳው ማሳዬ ላይ አለ ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ሰብሉን ወይም ገቢውን እየጎዳበት መሆኑ መታየት አለበት። ቀጥሎ የሚመጣው ግን እኔን ከሁሉም በላይ የማረከኝ ነው፤ ቆጠራ።

ሚያዝያ ነው እንበል። እንስሳቱ ከእንቅልፋቸው ነቅተዋል፤ ግልገሎቹ ግን ገና ከጉድጓድ አልወጡም። ባለሙያው ከማሳው ዳር ራቅ ብሎ ይቆማል። ቢጠጋማ አንዱ ይጮህና ሁሉም ይገባሉ። አጉልቶ የሚያሳይ መነፅሩን አቅንቶ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ይቆጥራል። አንዱ በጉብታው ላይ ቆሟል። ሌላው ጎንበስ ብሎ ይግጣል። ሁለቱ አፍ ለአፍ ገጥመው እየተሳሳሙ ነው፤ ሰላምታቸው እንዲህ ነው። አራት አለ ባለሙያው።

ይህ ቆጠራ ቢያንስ 7 መድረስ አለበት። ከ7 በታች ከሆነ ለመግደል ፈቃድ አይሰጥም። ለምን? መንደሩ ገና ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ከነኩት ይጠፋል።

እሺ፣ ባለሙያው 10 ቆጠረ እንበል። አሁን አብረን እናስላ። ደብተር አያስፈልግም፤ ጣታችን ይበቃል።

በአንድ ጊዜ ከመሬት በላይ የሚታየው ከአዋቂዎቹ ግማሽ ያህሉ ነው፤ ግማሹ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስለዚህ 10 የታየበት ማሳ ላይ 20 አዋቂ አለ ተብሎ ይገመታል። ከ20ው ከሦስት ሁለት እጁ ሴት ነው። ሴቶቹ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ይወልዳሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአማካይ አራት አራት ግልገል። ሲደመር 52 ያህል ግልገል ይሆናል። እናትና አባት 20፣ ልጆች 52፤ በድምሩ 72።

ገበሬው ስንት እንዲገድል ይፈቀድለታል? ያ ዓመት ካፈራው ልጅ ግማሹን ያህል። የ52 ግማሽ ስንት ነው? 26። በቃ፤ 26 ነው። 27 ሕግ መጣስ ነው።

ልድገመው፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ስለሆነ። ገበሬው ከመንደሩ እንዲቀንስ የሚፈቀድለት ከዘንድሮው ትርፍ እኩሌታውን ያህል ነው። ዋናው አይነካም ማለት ነው። ላም አሳድጋችሁ ጥጃ ስትሸጡ የምታደርጉት ሒሳብ ነው እኮ! ላሟን ሸጦ ወተት የሚጠብቅ የለም።

በዚህም ላይ አንድ ገደብ ተደርቧል። በየማሳውና ኋላ በምናነሳቸው ሌሎች የግል መሬቶች የተፈቀደው ሁሉ ተደምሮ በዓመት ውስጥ ከጠቅላላው የዝርያው ቁጥር ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ይህ በመቶኛ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1984ቱ ደንብ በሲዳርና በፓሮዋን ሸለቆዎች ባሉ የግል መሬቶች ላይ በዓመት እስከ 5,000 መግደል ይቻላል ተብሎ ነበር። በ1991 ደግሞ ደንቡ እንስሳው በሚገኝበት የግል መሬት ሁሉ ላይ ሆነና ቁጥሩ 6,000 ገባ። እስቲ አስቡት፤ ድርቅ ሆነ፣ ቸነፈር ገባ፣ መንደሮቹ ግማሽ ሆኑ፤ ደንቡ ግን አሁንም 6,000 ይላል። የተቆረጠ ቁጥር ክፉ ዘመን መምጣቱን አያውቅም። መቶኛ ግን ከቆጠራው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እንስሳው ሲያንስ ፈቃዱ ያንሳል፤ ሲበዛ ይሰፋል። በእኔ አስተያየት በ2012 ከተደረገው ማሻሻያ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ፈቃዱ የሚሠራው ከጁን 15 እስከ ዲሴምበር 31 ነው፤ በእኛ ከሰኔ 8 እስከ ታኅሣሥ 22 ማለት ነው። ገበሬው ግን ጉዳቱ የሚጀምርበት በጸደዩ ነው፤ አልፋልፋው ለጋ በሆነበት ጊዜ። ለምን ያን ያህል ያስጠብቁታል?

እስቲ ለአፍታ አስቡ።

[ሦስት ሴኮንድ ዝምታ]

መልሱ ጉድጓዱ ውስጥ ነው ያለው። እንስሳቱ የሚገናኙት በመጋቢት አካባቢ ነው። እናቲቱ አንድ ወር ያህል ታረግዝና ከመሬት በታች ትወልዳለች። ግልገሎቹ ሲወለዱ ፀጉር የላቸውም፤ ዓይናቸውም አልተከፈተም። አምስት ስድስት ሳምንት ጡት እየጠቡ እዚያው ጨለማ ውስጥ ይቆያሉ። በግንቦት መጨረሻ ገደማ ነው ጭንቅላታቸውን ብቅ የሚያደርጉት። እናቲቱን በሚያዝያ ወይም በግንቦት መግደል ማለት ከሥር ያሉትን አራቱንም በረሃብ መግደል ነው። አንድ ጥይት፣ አምስት ነፍስ። እነዚያ አራቱ ደግሞ በማንም ቆጠራ አይገቡም፤ ማንም አላያቸውምና።

ሰኔ 8 ሲደርስ ግልገሎቹ ወጥተው ሣር መንጨት ጀምረዋል። እናት ብትሞት እንኳ መኖር ይችላሉ። ቀኑ የተቆረጠው ለዚህ ነው።

በምን ይገደላሉ? በጥይት መምታት ይቻላል፤ በወጥመድ መያዝም ይቻላል። መርዝ ክልክል ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የጋዝ ጭስ መልቀቅ ክልክል ነው። ውኃ ለቆ ማስጠም፣ ፈንጂ መቅበር፣ እነዚህም ክልክል ናቸው። ምክንያቱን ከዚህ በፊት ካወራነው ታገኙታላችሁ። መርዝ አይቆጥርም። ጭስ 26 ላይ አይቆምም። ከዚያም በላይ ጉድጓዱን የሠራው ፕሬሪ ዶጉ ቢሆንም ተከራዮች አሉት፤ መሬት ውስጥ የምትኖር ጉጉት አለች፣ ሌሎችም ትንንሽ እንስሳት ይገቡበታል። መርዝ በልቶ የሞተውን ደግሞ ንስሩ ያነሳዋል። እኛም አገር በመርዝ የሞተ አይጥ የበላች ድመት ስትንፈራገጥ ያየ ሰው ይህን አይረሳውም።

ፈቃድ የማይጠየቅበት ሥራም አለ። ገበሬ ያው ገበሬ ነው፤ ማረስ አለበት። ሲያርስ፣ ሲከሰክስ፣ ሲያጠጣ፣ ሲያጭድና ድርቆሹን ሲያስር ሳያስበው ፕሬሪ ዶግ ቢሞትበት አይጠየቅም። የእርሻው ጥልቀት ግን 46 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ አንድ ክንድ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ጠልቆ የሚያርስ ሰው ለሰብሉ ሳይሆን ለጉድጓዱ ነው የሚያርሰው ተብሎ ይታሰባል። ሐሳቡ እንስሳውን ለማጥፋት ከሆነ ደግሞ የለመደው እርሻ መሆኑ ሽፋን አይሆንለትም።

[አጭር ሙዚቃ]

እስካሁን ያወራነው ስለ እርሻ ማሳ ነው። የሌላው ቦታስ? ባጭሩ ልንገራችሁ። ለእንስሳው ከተከለለ መሬት በግማሽ ማይል፣ ማለትም በ800 ሜትር ዙሪያ ያለ የግል መሬትም ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። ይህ የተደረገው ጎረቤቱ መሬቱን ለእንስሳው ስለሰጠ ሌላው እንዳይጎዳ ነው። እንዲህ ካልሆነ ማን መሬቱን ይከልላል? የመንደሩ ሰው ሁሉ ጠላቱ ይሆናል።

ሁለት ቦታዎች ደግሞ በጣም አነጋግረዋል፤ አውሮፕላን ማረፊያና የመቃብር ስፍራ። ፓሮዋን በምትባለው ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያው መንደርደሪያ አጠገብ ጉድጓድ ተማሰ። ፓራጎና በምትባለዋ መንደር ደግሞ የመቃብሩ ቦታ ተቆፈረ። አባቱን፣ እናቱን የቀበረ ሰው አበባ ይዞ ሲሄድ መቃብሩ ተምሶ ቢያገኘው ምን ይላል? ይህ የብር ጉዳት አይደለም። ደንቡ ይህን ለብቻው አይቶታል። መጀመሪያ ከመሬት በታችም የሚከለክል አጥር ይሠራል፤ የተቻለው ያህል በሕይወት ተይዞ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል። ያም ሆኖ የቀሩ ካሉ ሊወገዱ ይችላሉ።

ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከ1972 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። በማያቆስል ወጥመድ ይያዛሉ፤ በአዲሱ ቦታ በመሰርሰሪያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይጠብቃቸዋል። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ ዓመት አይደፍኑም። የማያውቁት አገር ነው። ጎረቤት የለም፤ ንስር ሲመጣ የሚጮህላቸው የለም። ሰውስ ከቀዬው ተነቅሎ ሲሰፍር እንዲሁ አይደል?

ነገሩ ሁሉ በሰላም አላለፈም። ፈቃዱ ጠበበን፣ ቤት መሥራት እንኳ አቃተን ያሉ ባለመሬቶች ማኅበር አቋቁመው መንግሥትን ከሰሱ። ክርክራቸው ጠንካራ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን የሚመነጨው ከግዛት ግዛት የሚደረግ ንግድን ከመቆጣጠር ነው፤ ይህ እንስሳ ግን ከአንድ ግዛት አይወጣም፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ታዲያ በእኛ መሬት ላይ ምን አገባው አሉ። በ2014 የዩታው የፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ከዚያ በኋላ በግል መሬት ላይ ያለውን እንስሳ ግዛቱ በራሱ ዕቅድ ማስተዳደር ያዘ። በ2017 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። በአንድ ግዛት ብቻ የሚኖረውን ሁሉ ካወጣን ሕጉ ራሱ ይፈርሳል፤ ከሚጠበቁት ዝርያዎች አብዛኞቹ በአንድ ግዛት ብቻ የሚገኙ ናቸውና አለ። በ2018 መጀመሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ብሎ ተወው። የፌዴራሉ ደንብ እንዲህ ሆኖ ጸና።

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ባለመሬቶቹን እንደ ክፉ ሰዎች ማየት አልፈልግም። እንስሳውን ጨርሰን እናጥፋው ሲሉ አልሰማሁም። ሸክሙ ለብቻችን ሆነ ነው ያሉት። ነገር ግን ሰው በሩ ሁሉ ሲዘጋበት የሚያደርገውን እናውቃለን። ማታ ተነስቶ መርዝ ይበትናል፤ ጠዋት ምንም አላየሁም ይላል። ማንም አይቆጥር፣ ማንም አይመዘግብ። ፈቃዱ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ይህን መከላከል ነው ብዬ አምናለሁ። 26 መግደል የሚቻልበት በር ስላለ 72ቱን በስውር መጨረስ አያስፈልግም።

[ሙዚቃ፤ ከንግግሩ ሥር ዝቅ ብሎ ይቀጥላል]

ወደ ደወሉልን አባት ልመለስ። ለፍልፈል ማንን ላስፈቅድ ነው ብለው ነበር።

አባቴ፣ አጎቴ ድንቹ ውስጥ ያድነው የነበረው ፍልፈል በብዙ የአገራችን ደጋ አለ። ነገር ግን ባሌ ተራሮች ላይ፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ሌላ ፍልፈል አለ። ከተለመደው በጣም ይበልጣል፤ አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን አለ። ከዚያ ተራራ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም፤ እሱም ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር ተቆጥሯል። ጉድጓዱ ዳር ዳሩን ያለውን ሣር ለመንጨት እስከ ወገቡ ብቅ ይላል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ የምትነቃነቀዋን አፈር እያየ ይጠብቀዋል። አጎቴ ዶማውን አንስቶ ይጠብቅ እንደነበረው። በባሌ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ ይህ ፍልፈል ነው። ፍልፈሉ ቢያልቅ ቀበሮው ምን ሊበላ ነው?

ስለዚህ ፍልፈል ስናይ አንዱን ከሌላው መለየት ይኖርብናል። የትኛው ነው? ስንት ነው? መቼ ነው የሚወልደው? ዩታ ላይ ያሉት ሰዎች ፈቃድ ከመጻፋቸው በፊት የጠየቁት እነዚህን ነው።

እኔም አጎቴ ዘንድ ስልክ ደውዬ ጠይቄው ነበር፤ ፍልፈል በየትኛው ወር ነው የሚወልደው ብዬ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲያድነው የኖረ ሰው ነው። ዝም አለ። ከዚያ «እንጃ ልጄ፤ ከጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አይቼው አላውቅም» አለኝ።

እናንተስ? በአካባቢያችሁ ትኩስ የፍልፈል አፈር የሚበዛው በየትኛው ወር ነው? ግልገል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያያችሁ ወሩንና ቦታውን ጻፉልን፤ ደውሉልን። የምትነግሩንን በሚቀጥለው ሳምንት በስማችሁ እናነበዋለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።

[ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ የዝግጅቱ ፍጻሜ]